ያላዩትን ብልሽት መጠገን ይብቃን

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ካንዴላና ስለ ቦቢና ምን አገባው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው፤ ትምህርት ክፍላችን የሚያስተምረን ዜና መጻፍ እንጂ ሞተር መፍታት አይደለም። ይሁን እንጂ እኔ የምኖረው ቤቴል ነው። ቤቴል ውስጥ ደግሞ ከአስፋልቱ ገባ ባሉ ቁጥር ኮፈኖዋ የተከፈተ አሮጌ መኪናና በዙሪያዋ አንገታቸውን ደፍተው የቆሙ ሰዎችን ማየት የየቀኑ ነገር ነው። አንዱ «ካንዴላ ነው፣ ቀይረው» ይላል። ሌላው «ኧረ ቤንዚኑ ነው፣ ውሃ ገብቶበታል» ይላል። ሦስተኛው እጁን ኪሱ ከትቶ «ቴስታታዋ አልቆላታል» ብሎ ይፈርዳል። ባለመኪናው መሀል ቆሞ የሁሉንም አፍ አፍ እያየ በልቡ ያለችውን ገንዘብ ይቆጥራል።

እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ለመርዳት ነው የቆሙት። ችግሩ ግን ሦስቱም ብልሽቱን አለማየታቸው ነው። መኪናዋ ከአንድ ሰዓት በፊት ስትንገጫገጭ ነበር፤ አሁን ግን ሰላም ናት። ታዲያ ሦስቱም የሚናገሩት ስላላዩት ነገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ በከተማችን የአሮጌ መኪና ባለቤትን የሚያደኸየው ከብልሽቱ ይልቅ ግምቱ ነው። በተለይ አንዴ የሚስት፣ አንዴ የሚተው ሞተር ከሌላው ብልሽት ሁሉ የበለጠ ግምትን ይጋብዛል። ስለዚህ መካኒኩም ባለመኪናውም አንድ የጋራ ሕግ ሊኖራቸው ይገባል ባይ ነኝ፤ ያላየኸውን ብልሽት አትጠግን።

«በሦስት ትሠራለች»

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አብዛኞቹ የከተማችን የቤት መኪኖች አራት ሲሊንደር አላቸው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ስቦ ይጨምቃል፤ ከዚያ ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ድብልቁ ይነድና ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ሲሊንደር ብቻውን በሴኮንድ 25 ጊዜ መንደድ አለበት። አራቱ ሲደመሩ 100 ጊዜ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሳይነድ ሲቀር ሞተሩ ሳተ እንላለን፤ በጋራዥ ቋንቋ «ሚስ አደረገች» ይባላል። አንዱ ሲሊንደር ጭራሽ ከተኛ ደግሞ «በሦስት ትሠራለች» ይባላል።

ሲሊንደር የሚስትበት ምክንያት በጥቅሉ ሦስት ነው። ወይ እሳቱ ደክሟል ወይም ሰዓቱን አልጠበቀም፤ ወይ የአየርና የቤንዚኑ ልክ ተዛብቷል፤ ወይ ደግሞ ጭመቃው፣ ማለትም ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። ሦስት ብቻ! ነገር ግን ከሦስቱ ጀርባ የተሰለፈውን ዕቃ ተመልከቱ። እሳት ደከመ ሲባል ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የዲስትሪቢዩተር ክዳን፣ ቦቢና፣ በድሮዎቹ ላይ ፑንቲና፣ አልፎ ተርፎም አንዲት የላላች ሽቦ ልትሆን ትችላለች። ቤንዚንና አየር ሲባል ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ካርቡራተር፣ ኢንጀክተር፣ ወይም ተሰንጥቆ ያልታሰበ አየር የሚስብ የጎማ ቱቦ አለ። ጭመቃ ሲባል ቫልቭ፣ ፋሻ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን አለ። አሥራ ምናምን ተጠርጣሪ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ተጠርጣሪ አንዱን በግምት ይዞ ማሰር ምን ዓይነት ፍርድ እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።

የሚጠፋ ብልሽት ግምትን ይሸልማል

ሁልጊዜ የምትስት መኪና ቀላል ናት። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ የካንዴላ ገመዶቹን ተራ በተራ ያቋርጣል። ሲያቋርጠው ሞተሩ ይበልጥ ከተንገጫገጨ ያ ሲሊንደር ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ምንም ለውጥ ካልመጣ ግን ተኝቶ የነበረው እሱ ነው። በአምስት ደቂቃ ሰፈሩ ታወቀ። ከዚያ ለምን እንደተኛ መፈለግ ነው።

መከራው የሚመጣው አንዳንዴ በምትስተዋ ነው። ጠዋት ልጆች ስታደርስ ስትንገጫገጭ ትቆይና ጋራዥ በር ላይ ስትደርስ እንደ ጨዋ ልጅ ጸጥ ትላለች። መካኒኩ ያዳምጣል፤ ምንም የለም። «ምንም አላየሁም፣ ሲመጣባት መልሳት» ብሎ መሸኘት ደግሞ የማያውቅ ያስመስለዋል፣ ሒሳብም አያስከፍልም። ስለዚህ ካንዴላ ይቀይራል። ባለመኪናው ይነዳታል፤ ሦስት ቀን ሳትስት ትሠራለች። «ተሠራች!» ይባላል። በአራተኛው ቀን እንደገና ይመጣባታል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩን በደንብ ማየት ያለብን። ብልሽቱ በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ከሆነ፣ በዚያች ሰዓት የተደረገ ማንኛውም ነገር ያዳነ ይመስላል። ካንዴላ ቢቀየር፣ ካርቡራተር ቢታጠብ፣ ጎማ እንኳ ቢነፋ ያው ነበር። መካኒኩ አልዋሸም፤ በዓይኑ «ሲድን» አይቷል። ባለመኪናውም አልተሞኘም፤ ሦስት ቀን በሰላም ነድቷል። ሁለቱም ግን የተሳሳተ ትምህርት ይዘው ተለያዩ። በሚቀጥለው ጊዜ ተመሳሳይ መኪና ስትመጣ መካኒኩ «ይቺን እንኳ በካንዴላ ነው የምንፈታት» ይላል። ግምት እንዲህ እያለ ልምድ የሚል ስም ያገኛል።

ነገሩን የሚያባብስ ሌላም ምክንያት አለ። የካንዴላ ጫፍ ባረጀ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፤ እሳቱም ክፍተቱን ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይጠይቃል። አዲስ ካንዴላ ሲገባ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ የሚፈለገው ቮልት ይቀንሳል። በመሆኑም እውነተኛው በሽታ የገመድ ወይም የክዳን መሰንጠቅ ቢሆን እንኳ ለጥቂት ጊዜ ይደበቃል። ካንዴላው ሲያረጅ ተመልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ ታዲያ ጥፋቱ «ኮፒ ካንዴላ ነው የሸጡልኝ» ይባልና ወደ ሶማሌ ተራ ነጋዴ ይዞራል።

የአጎቴ ኮሮላ

በቅርብ የማውቀውን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አጎቴ በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ካርቡራተርና ዲስትሪቢዩተር ያላት ቶዮታ ኮሮላ አለችው። ለሱቁ ዕቃ የሚያመላልሰው በእሷ ስለሆነ መኪናዋ ስትቆም ቤቱም ይቆማል ማለት ይቻላል። ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት መሳት ጀመረች። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ አራቱንም ካንዴላ ቀየረ፤ ሳምንት ደህና ሆና ተመለሰባት። ሌላ ጋራዥ ካርቡራተሩን ፈትቶ፣ አጥቦ ገጠመ፤ አራት ቀን ቆየች። ሦስተኛው ቦቢናው ነው ብሎ አስቀየረ፤ አሁንም ያው። በመጨረሻ «ቴስታታ ይውረድ» የሚል ፍርድ መጣ። አጎቴ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጣትን ገንዘብ ሊያወጣ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ሰዎች እዚሁ ቤቴል ወዳሉ አንድ አዛውንት መካኒክ የመሩት። አዛውንቱ ኮፈኖውን እንኳ አልከፈቱም። መጀመሪያ የጠየቁት «መቼ ነው የምታስቸግርህ?» ብለው ነው።

«ጠዋት ጠዋት ነው አባቴ።»

«ሁልጊዜ ጠዋት ነው ወይስ ዝናብ ባደረ ጠዋት?»

አጎቴ አሰብ አደረገ። «ዝናብ ባደረ ነው መሰለኝ። ካሳጠብኳትም በኋላ ታስቸግረኛለች።»

«ፀሐይ ከወጣስ በኋላ?»

«ትተዋለች።»

«በል እንግዲያው ሲመሽ አምጣት» አሉት።

ሲጨልም ሞተሩን አስነሡ፣ ኮፈኖውን ከፈቱ፣ በአካባቢው ያለውን መብራት አስጠፉ። ከዚያ ልብስ ሲተኮስ ውሃ በምንረጭበት የፕላስቲክ መርጫ ገመዶቹንና የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን በስሱ አረጠቧቸው። ወዲያው ከክዳኑ ጎን ቀጭን ሰማያዊ ክር የመሰለ እሳት ወደ ብረቱ ሲሮጥ ታየ፤ ሞተሩም መንገጫገጭ ጀመረ። ክዳኑ ተፈትቶ ሲጸዳ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ነበረበት። እርጥበት ሲገባበት እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በስንጥቁ በኩል ያመልጣል፤ ሲደርቅ መንገዱ ይዘጋል። ምሥጢሩ ይኸው ነበር። (በነገራችን ላይ ይህን እቤታችሁ አትሞክሩት። እዚያ ገመድ ውስጥ የሚያልፈው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ለባለሙያ ተዉት።)

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። አዲስ ክዳን ከገጠሙ በኋላ «አለቀ» አላሉም። መርጫውን አንሥተው ከመጀመሪያው ይበልጥ አረጠቡት። ሞተሩ አልሳተም። ያን ጊዜ ነው «አሁን ተሠርታለች» ያሉት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ኮምፒውተር የለም፣ ውድ መሣሪያም የለም። ጥያቄ፣ ጨለማና ውሃ ብቻ። ሦስቱ ጋራዦች ያላደረጉትን ሁለት ነገር ግን አድርገዋል። አንደኛ፣ ብልሽቱ በፈለገው ሰዓት ሳይሆን እርሳቸው በፈለጉት ሰዓት እንዲመጣ አስገደዱት። ሁለተኛ፣ ከጠገኑ በኋላ መልሰው ሊያመጡት ሞክረው እንቢ ማለቱን አዩ። መምህሮቻችን «አንድ ሰው የነገራችሁን ሳታረጋግጡ አትጻፉ» እያሉ የሚነግሩን እዚያ ጋራዥ ውስጥ በውሃ መርጫ ሲሠራበት አየሁ።

ኮዱ ጥቆማ ነው

«እሱ ለድሮ መኪና ነው፤ አሁን ኮምፒውተር አለ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጋራዡ ተለውጧል። ቋንቋውን ብቻ ብናዳምጥ ይነግረናል። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ በየዓመቱ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ ሳይቀር ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ሙያው ከመምህር ወደ ረዳት በጆሮና በእጅ ነው የተላለፈው። እንደ ቪትስ ያሉት መኪኖች ሲመጡ ግን ቃላቱም ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ፤ ኮይል፣ ሴንሰር፣ ኢንጀክተር ማለት ተጀመረ። በእነዚህ መኪኖች ላይ ገመድና ዲስትሪቢዩተር ቀርቶ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። ካርቡራተርም የለም። ሞተሩ ሲስት ኮምፒውተሩ የዘንጉን ፍጥነት ለክቶ ያውቃል፤ ይመዘግባል፣ መብራትም ያበራል። በአሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ለሚሸጡ የቤት መኪኖች ይህ ግዴታ ሆኗል።

ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚናገረውን በልኩ እንስማው። ፒ0301 የሚል ኮድ ቢያወጣ «አንደኛው ሲሊንደር ሳተ» ማለቱ ነው። ፒ0300 ካለ «የሚስተው አንድ ብቻ አይደለም ወይም ቦታው አልተለየም» ማለቱ ነው። የት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ኮዱ ጥቆማ ነው፤ ዜና አይደለም። ሆኖም ስንቱ ጋራዥ ነው ፒ0301 ሲያይ በቀጥታ «ኮይል ግዛ» የሚለው?

ማረጋገጫው እኮ ቀላል ነው። የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር ቦታ ማለዋወጥና መንዳት። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ አብሮ ሄዷልና። እዚያው አንደኛው ላይ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው፤ ቀጥሎ ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን፣ ከዚያ ጭመቃውን ማየት። ይህ ሥራ ሳንቲም የሚያስወጣ ዕቃ አይጠይቅም፤ ትንሽ ጊዜና ብልሽቱ እስኪመጣ መታገሥ ብቻ ይጠይቃል። ኮምፒውተር ይዞ የሚገምት መካኒክ ያለ ኮምፒውተር ከሚገምተው የሚለየው በሚያስከፍለው ዋጋ ብቻ ነው።

መጽሐፉም የአዲስ አበባን አየር ይወቅ

ሌላው ማንሳት የምፈልገው ነገር ከፍታችንን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ የሲሊንደር ጭመቃ በጌጅ ሲለካ፣ ሞተሩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ካለው ቁጥር ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ይህን ያላስተዋለ መካኒክ ቁጥሩን አይቶ «ሞተርሽ አልቋል» ቢል በጤነኛ ሞተር ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። ቶዮታ ለብዙ ሞተሮቹ የሚፈቅደው ልዩነት በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻውን ከወረደ ያ ምስክር ነው። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ ግን ቴስታታ ከማውረድ በፊት የምንተነፍሰውን አየር ማስታወስ ይገባል። ካርቡራተርም እንዲሁ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ የጠቆረ ካንዴላ ደግሞ ይስታል። ካንዴላውን ብቻ ቀይሮ የሸኘ ሰው ጥላሸቱን ጠርጎ ጭሱን ተወው ማለት ነው።

ለምርመራ አንከፍልም

እስካሁን ጣቴን መካኒኮች ላይ የቀሰርኩ ይመስላል። ፍርዱ እንዲስተካከል ወደ እኛም ወደ ደንበኞቹ ልምጣ። ክሊኒክ ስንሄድ ለካርድ እንከፍላለን፣ ለላቦራቶሪ እንከፍላለን፣ ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ቢለን እንኳ ደስ ብሎን እንከፍላለን። ጋራዥ ስንሄድስ? «እስቲ አየት አድርጋት» እንላለን፤ በነፃ። መካኒኩ ሁለት ሰዓት ፈልጎ አንዲት የላላች ሽቦ ቢያጠብቅ «ለሽቦ ነው ይሄን ያህል?» ብለን እንጣላዋለን። ሳያይ ቦቢና ቢቀይር ግን ያለ ጭቅጭቅ እንከፍላለን፤ የሚዳሰስ ዕቃ አይተናልና። ታዲያ መካኒኩ የትኛውን ይምረጥ? ምርመራን በነፃ የጠየቀ ሰው ግምትን በውድ ይገዛል።

በሰፈሬ ያነጋገርኳቸው ሁለት መካኒኮችም ያሉኝ ከዚህ የራቀ አይደለም። «ደንበኛው እላያችን ላይ ቆሞ ቶሎ በሉ ይላል፤ መኪናዋን አሳድርልኝና ጠዋት ብርድ ላይ ላያት ስትለው የሰረቅከው ይመስለዋል» አለኝ አንደኛው። ሌላው ደግሞ «ሠላሳ ዓመት የሆናት መኪና እኮ ብልሽቷ አንድ አይደለም፣ ሦስት አራት ነው፤ የቱን አስቀድማለሁ?» አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ካንዴላ ጊዜው ሲደርስ መቀየሩም ልክ ነው። ነገር ግን እሱ ሰርቪስ ይባል እንጂ ምርመራ አይባል። በትክክል የሚሠራ ዕቃ ለሙከራ አስገብቶ ማየትም ልክ ነው፤ ለውጥ ካላመጣ ግን ዕቃው ወጥቶ ይመለስ፣ ሒሳብ ውስጥም አይግባ። ብልሽቱ ብዙ ከሆነ ደግሞ አንድ በአንድ እየቀየሩ ማየት እንጂ አምስቱን ባንድ ቀን ቀይሮ የትኛው እንዳዳነ ሳያውቁ መሸኘት አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ለምን አሁን?

ይህ ነገር ድሮም ነበር፤ አሁን ግን ዋጋው ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ዓላማው ይበጅ አይበጅ ሌላ ክርክር ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና አስታሞ ማቆየት አለበት። የነዳጅ ድጎማው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ መነሣት ጀመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮ ጨመረ። በግምት የተቀየረች እያንዳንዷ ቦቢና እንግዲህ የባለመኪናው ኪስ ብቻ ሳትሆን የአገር ምንዛሪም ናት።

የሚስት ሞተር ሳይነድ የቀረ ቤንዚን በማርሚታ በኩል ወደ አየር ይለቃል። አንድ ሲሊንደር ከአራቱ ሲተኛ የሚገባው ቤንዚን ሩብ ያህሉ ያለ ሥራ ይወጣል ማለት ነው። ያንን ጭስ የሚተነፍሰው ደግሞ ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብና መንገድ ዳር ጀበና ጥዳ የምትሸጥ እናት ናት። በጅማ መንገድ ከባድ መኪና ለመቅደም ወጥቶ መሀል ላይ ሞተሩ የሚከዳው ሰው ያለበትን አደጋ መንገሩ አያስፈልግም።

ምን ይደረግ?

በበኩሌ ትልቅ በጀት የማይጠይቁ አራት ነገሮችን እጠቁማለሁ።

አንደኛ፣ ባለመኪናው ማስታወሻ ይያዝ። ሞተሩ ሲስት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናብ ነበር አልነበረም፣ ሞተሩ ሞቋል አልሞቀም፣ ዳገት ነው ሜዳ፣ በሚኒሞ ቆሞ ነው ወይስ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ቤንዚን የተቀዳው መቼ ነው፣ መጨረሻ የተቀየረው ዕቃ ምንድን ነው፤ ይጻፈው። የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ ብቻ የምትስት መኪናና ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ብቻ የምትስት መኪና በሽታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። ይህቺ አንዲት ገጽ ከብዙ መሣሪያ ትበልጣለች።

ሁለተኛ፣ የምርመራ ዋጋ ተለይቶ ይታወቅ። ጋራዡ «ለማየት ይህን ያህል፣ ለመሥራት ይህን ያህል» ብሎ በግልጽ ይንገር፤ እኛም ያለ ጭቅጭቅ እንክፈል። ያን ጊዜ መካኒኩ «አላገኘሁትም፣ ስትስት መልሳት» ለማለት አይፈራም። ይህን ቃል በድፍረት የሚናገር መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ሦስተኛ፣ የተቀየረው ዕቃ ለባለቤቱ ይሰጥ፣ ምኑ እንደተበላሸም ይታይ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። «ምኑን ነው የቀየርከው? እስቲ አሳየኝ» ማለት መጠራጠር ሳይሆን መብት ነው።

አራተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችንና የብቃት ማረጋገጫ ፈተናው ለፈልጎ ማግኘት ጥበብ ተገቢውን ቦታ ይስጡ። ካንዴላ ፈትቶ መግጠም ማንም ይለምደዋል። ፈታኙ በጤነኛ መኪና ላይ አንዲት ሽቦ በስውር አላልቶ «ፈልገህ አግኝ፣ እንዴት እንዳገኘኸውም አስረዳ» ቢል ግን እውነተኛው መካኒክ ይለያል።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለእኛ ለተማሪዎቹ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንዳንዶቻችን ማይክራፎን ይዘን፣ አንዳንዶቻችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ መጣ ሄደት ስለሚል ችግር ሁሉ እንጽፋለን፤ ስለሚጠፋ መብራት፣ ስለሚቋረጥ ውሃ፣ ስለሚጠፋ ነዳጅ። ችግሩ ሲተው «ተፈታ»፣ ሲመለስ «እገሌ ነው ጥፋተኛው» ለማለት እንቸኩላለን። መጠየቅ ያለብን መቼ ነው የሚመጣው፣ መቼ ነው የሚተወው፣ ደግሞስ ተሠራ ከተባለ በኋላ ማን መልሶ ፈተነው የሚለውን ነው። መኪና ያላችሁ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ጋራዥ ስትሄዱ ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፤ «አይተኸዋል?»

ቸር ይግጠመን።